«ዱን»ን ጀምሮ ለተወ የንባብ ክበብ፦ ከየት ይጀመር?

ጥያቄው፦ «ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የንባብ ክበብ አስተባብራለሁ። 14 የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አሉን። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ እናንብብ ተባባልንና በ‹ዱን› ጀመርን፤ መቶ ገጽ ሳይሞላ ግማሾቹ ተዉት። ‹ተረት ነው› ያሉም አሉ፣ ‹እንግሊዝኛው ከበደን› ያሉም አሉ። ፋንታሲ እናንብብ ስንል ደግሞ ሁለት ወላጆች ‹አስማት ያለበት መጽሐፍ ነው› ብለው ቅር ተሰኝተዋል። የትኞቹን መጻሕፍት፣ በምን ቅደም ተከተል ብናነብ ይሻላል? ‹ዱን›ንስ እርግፍ አድርገን እንተወው?»

ሰላም መምህር፣

«ዱን»ን አይተዉት፤ ያቆዩት። ተማሪዎቹ የቆሙት መጽሐፉ ከአቅማቸው በላይ ስለሆነ አይመስለኝም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ፣ የፊታውራሪ መሸሻን ቤትና የማንኩሳን ሰዎች ሳያምታታ የጨረሰ ልጅ በ«ዱን» ውስጥ ባላንጣ የሆኑትን የአትሬይዲስንና የሃርኮነንን ቤት ለይቶ መያዝ አያቅተውም። (ሁለቱ መጻሕፍት የታተሙት እንኳ በተቀራረበ ጊዜ ነው፤ የፍራንክ ኸርበርት እ.ኤ.አ. በ1965፣ የሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም.።) ርዝመቱም ሰበብ አይሆንም። ያቆማቸው የአነባበብ ልማድ ነው፤ ያውም በጎጃም እጅግ የሚከበር ልማድ።

ቅኔ እየሰማ ያደገ አንባቢ ሰሙን ቶሎ ቀርፎ ወርቁን ለማውጣት ይቸኩላል። ዋሸራና ዲማ ያሉበት አገር ልጅ ስለ «ዱን» በረሃ ግዙፍ ትል ገና በሃያኛው ገጽ «ይህ የአሸዋ ትል ማንን ለመንካት ነው?» ቢል አይፈረድበትም። ለዚህ ዓይነት ልብ ወለድ ግን ጥያቄው ቀድሞ ከመጣ ታሪኩ ይፈርሳል። ትሉ መጀመሪያ ትል ነው። ምን ይጠራዋል? ምት ያለው የእግር ኮቴ። ምን ይገድለዋል? ውኃ። በዚህ የተነሣ ሰዎቹ በረሃው ላይ ሲሄዱ ለምን እርምጃቸውን ያዛባሉ? ይህን በቁሙ ያላመነ አንባቢ «ተረት ነው» ብሎ መጽሐፉን ቢዘጋ ልክ ነው፤ ለእሱ በእርግጥም ተረት ሆኖበታል። ሰሙን አጥብቆ የያዘ ግን ወርቁ ሳይጎተት ይመጣለታል።

ስለዚህ የማቀርብልዎ ቅደም ተከተል ከቀላል እንግሊዝኛ ወደ ከባድ የሚሄድ አይደለም። የዓለሙ ሕግ ፊት ለፊት ከተጻፈበት መጽሐፍ ተነሥቶ ሕጉን አንባቢው ራሱ ለቅሞ ወደሚያገኝበት ይሄዳል። ከዚህ ጋር አንድ ሥራ ይስጧቸው፦ እያንዳንዱ ተማሪ ደብተሩን በሦስት ዐምድ ከፍሎ የዓለሙን ሕግ፣ ሕጉ የተገኘበትን ገጽ፣ ሕጉ ያስከተለውን ነገር ይጻፍ። በአንድ ስብሰባ አንድ ሕግ ይበቃል። መጽሐፉ እስኪጋመስ ድረስ «ምንን ይወክላል» የሚል ውይይት አይክፈቱ። ከእኩሌታው በኋላ ይልቀቋቸው፤ ያን ጊዜ ክርክሩ ከባዶ ሜዳ ሳይሆን ከደብተር ይነሣል።

በአይዛክ አሲሞቭ «አይ፣ ሮቦት» ይጀምሩ። እ.ኤ.አ. በ1950 የታተመ የዘጠኝ አጫጭር ታሪኮች ስብስብ ስለሆነ አንድ ሳምንት የቀረ ተማሪ በሚቀጥለው ሳምንት ያለ ዕዳ ይገባል። ሕጉም የተሰወረ አይደለም። ሮቦት ሰውን አይጎዳም፣ ሰው ሲጎዳም እጁን አጣጥፎ አያይም፤ ከዚህ ጋር ካልተጋጨ የሰውን ትእዛዝ ይፈጽማል፤ ከሁለቱ ጋር ካልተጋጨ ደግሞ ራሱን ይጠብቃል። ታሪኮቹ በሙሉ ማለት ይቻላል ሦስቱ ሕጎች ሲጠላለፉ የሚፈጠሩ እንቆቅልሾች ናቸው።

ዘጠኙንም ማስነበብ አያስፈልግም። የመጀመሪያው፣ «ሮቢ»፣ ስለ አንዲት ሕፃንና ስለ ሮቦት ሞግዚቷ ነው፤ ደግ ታሪክ ቢሆንም «የልጆች ነገር ነው» ለሚለው ወገን ጉልበት ይሰጠዋል፤ ይዝለሉት። መግቢያው «ራንአራውንድ» ይሁን። ሜርኩሪ ላይ ያሉ ሁለት ሰዎች ሮቦታቸውን ሴሊኒየም የተባለ ንጥረ ነገር ከኩሬ እንዲያመጣ ይልኩታል፤ እሱ ግን ኩሬውን እየዞረ ይቀራል። ለምን? ትእዛዙ እንደ ዋዛ ስለተሰጠ ሁለተኛው ሕግ ላልቷል። ሮቦቱ ውድ ስለሆነ ደግሞ ሦስተኛው ሕግ ከወትሮው እንዲጠነክር ተደርጎ ነው የተሠራው። ወደ ኩሬው ሲጠጋ አደጋው ይገፋዋል፣ ሲርቅ ትእዛዙ ይስበዋል፤ ሁለቱ ኃይሎች እኩል በሚሆኑበት ርቀት ላይ ክብ ይሠራል። ንባቡን እዚህ ያስቁሙና መፍትሔውን ይጠይቋቸው። «ትእዛዙን ጠንከር አድርጎ መድገም ነዋ!» የሚል አይጠፋም፤ ሮቦቱ እንደ ሰካራም እየቀባጠረ ትእዛዝ የማይገባው መሆኑ የተጻፈበትን ገጽ ያሳዩት። መልሱ ከአንደኛው ሕግ እንጂ ከሌላ አይወጣም፤ ከዚህ በላይ አይንገሯቸው።

ቀጥሎ «ላየር!»ን እና «ኤቪደንስ»ን ያስነብቡ። በመጀመሪያው ሐሳብ የሚያነብ ሮቦት አለ፤ የሰው ልብ መስበርም ጉዳት ከሆነ ምን ብሎ ይመልስ? በሁለተኛው አንድ ፖለቲከኛ «ሮቦት ነው» ተብሎ ይከሰሳል፤ ሦስቱን ሕጎች የሚያከብር ሮቦትና በጣም ደግ ሰው በሥራቸው የማይለዩ መሆናቸው ነው ጭንቁ። ለክርክር ከዚህ የተሻለ አጭር ታሪክ አላውቅም። አሲሞቭ ሰው ሲሥል ግን ስስ ነው፤ ከሮቦት ሥነ ልቦና ባለሙያዋ ከሱዛን ካልቪን በቀር የሚታወስ ሰው አይኖራችሁም። ተማሪዎቹ ይህን ካነሡ እውነታቸውን ነው።

ሁለተኛው የአንዲ ዊር «ዘ ማርሺያን» ነው። ለእናንተ አካባቢ የተጻፈ ይመስል ታሪኩ በድንች ነው የሚዞረው። ማርስ ላይ ብቻውን የቀረ የእጽዋት ባለሙያ ለበዓል ተብሎ ከተላከ ድንች ዘር አውጥቶ ይዘራል። ጸሐፊው እ.ኤ.አ. በ2011 በራሱ ያወጣው መጽሐፍ ነው፤ በአሳታሚ የወጣው በ2014 ነው። አንድ ነገር አስቀድመው ይወቁ፦ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጀምሮ ስድብ አለበት። ለትምህርት ቤት ተብሎ ስድቡ የወጣለት «ክላስሩም ኤዲሽን» የሚባል እትም ስላለ ከተገኘ እሱን ይያዙ። ወላጅ ቅር የተሰኘበት ክበብ በዚህ መሰናከል የለበትም።

እዚህ መጽሐፍ ላይ ጊዜ ይውሰዱ፤ የሒሳብና የኬሚስትሪ መምህራንን ይጋብዙ። ሰውየው ውኃ የሚሠራው የሮኬት ነዳጅ ከሆነው ከሃይድራዚን ነው። ሃይድራዚን በኢሪዲየም ላይ ሲያልፍ ወደ ናይትሮጅንና ወደ ሃይድሮጅን ይፈርሳል፤ ሃይድሮጅኑ ሲቃጠል ውኃ ይሆናል። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሊያሰላው ይችላል፦ 32 ግራም ሃይድራዚን 4 ግራም ሃይድሮጅን ይሰጣል፣ እሱ ከ32 ግራም ኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ 36 ግራም ውኃ ይወጣል። ከአንድ ኪሎ ሃይድራዚን 1.125 ኪሎ ውኃ ማለት ነው። ስሌቱ ሳይሳሳት ቤቱ ለምን እንደፈነዳበት ግን ልብ ይበሉ፦ ከራሱ ትንፋሽ የሚወጣውን ኦክስጅን አልቆጠረውም። ሕግ ያለው ዓለም ማለት ይኸው ነው፤ ሕጉ ጀግናውንም አይምረውም።

ድንቹም ይሰላል። 100 ግራም ጥሬ ድንች 77 ኪሎ ካሎሪ ገደማ አለው። አንድ ሰው በቀን በ1500 ኪሎ ካሎሪ ይኑር ብንል ወደ ሁለት ኪሎ ድንች ይፈልጋል፤ በዓመት 700 ኪሎ ከፍ ይላል። ከጮቄ ግርጌ ወይም ከአዊ የመጣ ተማሪ ካለ ቤተሰቡ ከአንድ ጥማድ ስንት ኩንታል እንደሚያነሣ ጠይቆ ይምጣ። ጥማዱን በተለመደው ልክ ሩብ ሄክታር፣ ማለትም 2,500 ካሬ ሜትር አድርገው ያካፍሉና አንድ ሰው ለዓመት ስንት ካሬ ሜትር እንደሚያስፈልገው ያውጡ። ከዚያ የመጽሐፉ ሰው ካለው ቦታ ጋር ያስተያዩት። እግረ መንገዳችሁን ስሕተቱንም ፈልጉ። ታሪኩን የሚያስነሣው ኃይለኛ ማዕበል ሊሆን የማይችል ነው፤ የማርስ አየር ግፊት የምድርን አንድ በመቶ እንኳ ስለማይሞላ ነፋሱ የቱንም ያህል ቢፈጥን እንዲያ የመግፋት አቅም የለውም፤ ጸሐፊውም ይህን አምኗል። እ.ኤ.አ. በ2008 ፊኒክስ የተባለችው መንኮራኩር በማርስ አፈር ውስጥ ያገኘችው ፐርክሎሬት የተባለ ጎጂ ጨውም በልብ ወለዱ አልገባም። አፈሩ ሳይታጠብ ድንቹ ይበላል? ጥሩ የቤት ሥራ ነው።

አሁን ወደ ፋንታሲ፣ ማለትም ወላጆቹ ወደ ጠየቁበት። የኧርሱላ ለግዊን «ኤ ዊዛርድ ኦፍ ኧርዝሲ» (እ.ኤ.አ. 1968) አሥር ምዕራፎች ብቻ ያሉት ቀጭን መጽሐፍ ነው፤ በሳምንት ሁለት ምዕራፍ ቢነበብ በአምስት ሳምንት ያልቃል። የዚህ ዓለም ዋና ሕግ ስም ነው። እያንዳንዱ ሰው በአደባባይ የሚጠራበት ስምና ለሚያምነው ብቻ የሚገልጠው እውነተኛ ስም አለው፤ እውነተኛ ስሙን ያወቀ በባለቤቱ ላይ ኃይል ያገኛል። ሌላ አገር ያለ አንባቢ ይህን እንደ እንግዳ ደራሽ ሐሳብ ነው የሚቀበለው። የክርስትና ስሙን ለማያውቀው ሰው እንዳይናገር፣ «መድኃኒት ያደርጉበታል» እየተባለ ላደገ የጎጃም ልጅ ግን ማብራሪያ አያሻውም። በመጽሐፉ ውስጥ ቬች የተባለው ጓደኛ እውነተኛ ስሙን ለዋናው ባለታሪክ ለጌድ ሹክ የሚልበትን ቦታ ይህ ልጅ ከማንም በላይ ይረዳዋል፤ ቦታውን ድምፅ ከፍ አድርጎ የሚያነብ ተማሪ ይመደብ።

ሁለተኛው ሕግ ሚዛን ነው። መምህሩ ኦጊዮን ዝናብ ሲመጣ ዳመናውን ማባረር እየቻለ ዝም ብሎ ይበሰብሳል፤ ወጣቱ ደቀ መዝሙር በዚህ ይናደዳል። ኋላ ላይ እንደሚማረው እዚህ የተባረረ ዝናብ ሌላ ቦታ ላይ ጣጣ ነው። «በረዶ መላሽ» ስለሚባሉት ሰዎች ሲወራ የሰማ ሁሉ «ወደ ማን ማሳ መለሰው?» የሚለውን ጥያቄ ያውቃል።

ለወላጆቹ የሚሰጡት መልስ ከዚሁ ይወጣል። መጽሐፉ ድግምት አያስተምርም፤ እንዲያውም በትዕቢት የተደረገ አንድ አስማት ያደረገውን ልጅ መጽሐፉ እስኪያልቅ ሲያሳድደው ነው የሚያሳየው። ገጹን ከፍተው ያሳዩአቸው። አሁንም ካላማራቸው ክርክር ውስጥ አይግቡ፤ በምትኩ የሲ ኤስ ሉዊስን «ዘ ላየን፣ ዘ ዊች ኤንድ ዘ ዋርድሮብ» ይያዙ። ደራሲው የታወቀ ክርስቲያን ጸሐፊ ነው፤ የአንበሳው ሞትና ትንሣኤም ለማንም የተሰወረ አይደለም። ግን ያኔ ተማሪዎቹ በአንድ ጊዜ ወርቁን ያገኙትና ሰሙን ይጥሉታል፤ ለዚህ ነው እኔ ለግዊንን የማስቀድመው። የሉዊስን ተከታታይ ከያዛችሁ በታተመበት ቅደም ተከተል ከዚሁ እ.ኤ.አ. በ1950 ከወጣው ጀምሩ። አንዳንድ እትም ላይ ቁጥር 1 ተብሎ የሚገኘው «ዘ ማጂሺያንስ ኔፊው» በ1955 የወጣ ነው፤ መጀመሪያ ሲነበብ የፊተኛውን ምሥጢር ያበላሻል።

በዚህ መካከል የአንድ ሳምንት ዕረፍት ያድርጉና በአማርኛ ያንብቡ። የአቸፈሩ አቤ ጉበኛ «አልወለድም» ከእናቱ ማኅፀን ሆኖ «አልወለድም» ብሎ የሚከራከር ፅንስ ይዞ ነው የሚነሣው። በ1955 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ የታገደ መጽሐፍ ነው። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው ማለቴ አይደለም። ሊሆን የማይችልን ነገር በቁሙ ተቀብሎ ከዚያ የሚከተለውን እስከ ጫፍ የመግፋት ጥበብ ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣ እንዳልሆነ ተማሪዎቹ ይዩ።

የንኔዲ ኦኮራፎር «ቢንቲ» (እ.ኤ.አ. 2015) አጭር ናት፤ በሁለት ስብሰባ ትጠናቀቃለች። የናሚቢያ ሂምባ ወገን የሆነች ልጅ ቤተሰቧ ሳይፈቅድላት ወደ ሌላ ፕላኔት ዩኒቨርሲቲ ትሄዳለች። ከቤት ርቀው ለሚማሩ ልጃገረዶች የምትናገረው ብዙ ነው። አጨራረሷ ላይ እርቁ ቶሎ ይመጣል፤ እኔ አላሳመነኝም።

«ዘ ታይም ማሺን»ን (ኤች ጂ ዌልስ፣ 1895) አጭር ስለሆነና በነፃ ስለሚገኝ ብዙ ሰው ለጀማሪ ይመክረዋል። ወጥመድ ነው። እንግሊዝኛው የመቶ ሠላሳ ዓመት ዕድሜ አለው፣ ዓረፍተ ነገሩ ረጅም ነው፣ መግቢያው ላይ ሰዎች ተሰብስበው ስለ አራተኛው አቅጣጫ ይከራከራሉ። ቦታው አምስተኛ ነው። እዚያ ሲደርስ ግን ለእናንተ ልማድ ልዩ መድኃኒት ይሆናል። የጊዜ ተጓዡ ወደ እ.ኤ.አ. 802,701 ሄዶ ያየውን ሕዝብ ወዲያው ሊተረጉመው ይቸኩላል፤ መጀመሪያ «ድካም የቀረላቸው፣ ሁሉን በጋራ የያዙ ናቸው» ይላል፤ ከመሬት በታች የሚኖሩትን ሲያገኝ «ሠራተኛና ባለጸጋ ተለያይተው ነው» ይላል፤ ቀጥሎ ማን ማንን እንደሚበላ ሲገባው ይህንንም ያርመዋል። ሰሙን ሳይጨርስ ወርቅ ያወጣ ሰው በመጽሐፉ ውስጥ ራሱ ሲሳሳት ይታያል። በደብተራቸው ላይ ሦስቱን ግምቶች ከነገጻቸው ይጻፉ።

አሁን «ዱን»። የተሰናከላችሁባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ላንሣ። ምዕራፎቹ ቁጥር የላቸውም፤ «እስከ ምዕራፍ ስድስት አንብባችሁ ኑ» ማለት አይቻልም። እያንዳንዱ ክፍል ከአንድ ምናባዊ መጽሐፍ በተወሰደ ጥቅስ ስለሚጀምር ጥቅሶቹን እየቆጠሩ በእርሳስ ቁጥር ይስጧቸው። ሁለተኛ፣ ከሃዲው ማን እንደሆነ ገና በሁለተኛው ክፍል ይነገራል። «ምሥጢሩን አበላሸው» የሚል ተማሪ ካለ ያጽናኑት፤ ደራሲው ማን እንደሚከዳ ደብቆ ሊያስደነግጠን አልፈለገም፣ አንባቢው እያወቀ ሲጨነቅ ማየት ነው የፈለገው።

ሦስተኛው ከሁሉ የባሰ ነው። ኸርበርት በአንድ ትዕይንት ውስጥ የሦስት የአራት ሰው ሐሳብ ያስገባል፤ ሐሳቡ ከንግግሩ የሚለየው በሰያፍ ፊደል ነው። በየስልኩ የሚዞሩት፣ ከወረቀት ተነሥተው ወደ ጽሑፍ የተለወጡ ቅጂዎች ሰያፉን ያጠፉታል። ያኔ ማን እንደተናገረ፣ ማን በልቡ እንዳሰበ አይታወቅም። «እንግሊዝኛው ከበደን» ያሉት ልጆች የያዙትን ቅጂ ይመልከቱ፤ ጥፋቱ የቅጂው ሊሆን ይችላል። በትንሽ ስልክ የሚያነቡ ከሆነ ደግሞ ፒዲኤፍ ይተዉና ኢፐብ (EPUB) የተባለውን የፋይል ዓይነት ይያዙ፤ ፊደሉ በስክሪኑ ልክ ይስተካከላል፣ ቃሉ ሲነካም መዝገበ ቃላት ይከፈታል።

መዝገበ ቃላት ካልን፣ የተፈጠረን ቃል እዚያ መፈለግ ድካም ነው። «ዱን» የራሱ መፍቻ ከኋላው አለው። ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት ስምንት ቃላት ብቻ ያስይዟቸው፦ ፍሬመን፣ ስፓይስ፣ ስቲልሱት፣ ሜንታት፣ ቤኔ ጌሰሪት፣ ሳርዳውካር፣ ክሪስናይፍ፣ ኩዊሳትስ ሃደራክ። የቀረው ከዐውዱ ይገባል። እውነተኛ የእንግሊዝኛ ቃል ከሆነም ሦስት ጊዜ ካልተደጋገመ ወይም ዓረፍተ ነገሩን ካላፈረሰ አይፈለግ፤ ንባብን የሚያደርቀው በየመስመሩ መቆም ነው።

መጽሐፉ እንደያዛቸው የሚታወቅበት ቦታ አለ። የፍሬመን፣ ማለትም የበረሃው ሕዝብ፣ አለቃ ስቲልጋር የአትሬይዲስ ቤት መስፍን ፊት ጠረጴዛው ላይ ይተፋል፤ የመስፍኑ ሰዎች ሊነሡበት ሲሉ አንዱ «የሰውነትህን ውኃ ስለሰጠኸን እናመሰግናለን» በሚል መንፈስ ይመልሳል። ውኃ በሌለበት ምድር ምራቅ ስጦታ ነው። ሽማግሌ «እንትፍ እንትፍ» ብሎ ሲመርቅ ያየ ተማሪ እዚህ ላይ ቢስቅም አይደነቅም። ከዚህ ቦታ በፊት ደብተሩ ላይ ስለ ውኃ ሦስት ሕግ የጻፈ ልጅ የትፋቱን ትርጉም ከመስፍኑ ሰዎች ቀድሞ ያውቀዋል።

ልብ ወለዱ በሦስት መጻሕፍት የተከፈለ ስለሆነ በየመካከሉ አንድ ሳምንት ያሳርፏቸው። ስለ በረሃው ሥነ ምሕዳር የሚተርከውን የመጀመሪያ አባሪ መጨረሻ ላይ ያንብቡት፤ ሣር በየትኛው የአሸዋ ክምር ፊት ቀድሞ እንደሚተከል ሳይቀር ስላለበት የግብርና ባለሙያ ቢጋብዙ አያፍሩም። ፊልሙም ከመጽሐፉ በኋላ ይሁን።

አሲሞቭን የወደዱ «ፋውንዴሽን»ን ይጠይቁዎ ይሆናል። ከ1951ዱ መጽሐፍ እንጂ ኋላ ተጽፈው የቀደመውን ዘመን ከሚተርኩት መጻሕፍት አይጀምሩ፤ በየክፍሉ ሰዎቹ እንደሚለወጡም አስቀድመው ይንገሯቸው። የሊው ሲሺን «ዘ ስሪ ቦዲ ፕሮብለም» ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ። በቻይና የባህል አብዮት፣ አንድ የፊዚክስ መምህር በሕዝብ ፊት ተደብድቦ ሲገደል ነው የሚጀምረው፤ ቀይ ሽብርን ያዩ አያቶች ያሏቸው ልጆች ቤታቸው ጥያቄ ይዘው መሄዳቸው አይቀርምና ተዘጋጅተው ይግቡበት።

«ዱን» ሲያልቅ ቀጣዩን «ዱን መሲያ»ን (1969) ለፈለጉት ብቻ ይስጡ። በጣም ያጠረ መጽሐፍ ነው፤ የመጀመሪያውን እንደ ጀግና ታሪክ አንብቦ ለጨረሰ ተማሪ ጀግናው ያስከተለውን ሬሳ ያስቆጥረዋል። ከእሱ በኋላ ያሉትን ተከታታዮች ግን ለክበብ አልመክርም፤ የወደደ ብቻውን ያንብባቸው።